ውባንተ ያላየው ሮኬት

ላሊበላ ውስጥ ከቅዳሜ ገበያ ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት አለች። እኔም ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ጉርድ ፎቶ የተነሣሁት እዚያ ነው። ባለቤቱ ውባንተ ይባላል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። የሌሎች ፎቶ ቤቶች ግድግዳ በሙሽሮችና ክርስትና በተነሡ ሕፃናት ሲያጌጥ የእሱ ግድግዳ በሮኬት የተሞላ ነበር። ጭስ ላይ የቆመ ሮኬት፣ እሳት የሚተፋ ሮኬት፣ ደመና ሰንጥቆ የሚወጣ ሮኬት። ከሁሉ ትልቁ ከመስታወቱ በላይ ተሰቅሏል፤ ፀጉራችንን የምናበጥረው እሱን እያየን ነበር።

በዚያ ፎቶ ምክንያት የሆነውን የነገረኝ ውባንተ ራሱ ነው። ሲነግረኝ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ነበር።

በደርግ ጊዜ ወታደር ነበር። ደብረ ዘይት አየር ኃይል ግቢ ስድስት ዓመት ያገለገለው ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሌሎች ያነሡትን ፊልም ያጥባል፣ ያትማል። አውሮፕላን ላይ አንድ ቀን እንኳ ወጥቶ አያውቅም። በግቢው ቤተ መጻሕፍት ከሶቪየት ኅብረት የሚመጡ ባለ ሥዕል መጽሔቶች ነበሩና ሮኬት የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያየው እነሱ ላይ ነው፤ ካየው ወዲህ አልለቀቀውም። ጓደኞቹ ለሥልጠና ወደዚያ አገር ሲላኩ እሱም ስሜ ይጠራል ብሎ ጠበቀ። ስሙ ሳይጠራ የ1983 ዓ.ም. ግንቦት ደረሰና ሠራዊቱ ተበተነ። ውባንተ መለዮውን ኮምቦልቻ ላይ አውልቆ በሰው ሸሚዝ ላሊበላ ገባ። በተመለሰ ሰሞን ጎረቤት ሰላም እንዳይለው በጓሮ በጓሮ ይሄድ ነበር። የተሸነፈ ወታደር መሆኑን ሰዉ ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ግን ሰው ያወቀውን ነገር ራሱ በአፉ መናገር አቃተው።

በሁለተኛው ዓመት አልጣሽን አገባ። ለእሷ ሁሉንም ነግሯታል፤ ጨለማ ክፍሉንም፣ ሳይጠራ የቀረውን ስሙንም።

ፎቶ ቤቱን ከፍቶ ሲደላደል የድሮ ፍቅሩ ተመለሰ። ከአጭር ሞገድ ራዲዮ የሰማውን ሁሉ በደብተር ይጽፋል፤ የትኛው ሮኬት መቼ ተወነጨፈ፣ ከየት አገር፣ ምን ጭኖ፣ ደረሰ ወይስ ፈነዳ። ቱሪስቶች ጥለውት የሄዱት መጽሔት ከእጁ ከገባ ሮኬት ያለበትን ገጽ ቆርጦ ያስቀምጣል። ለጉርድ ፎቶ የተቀመጠውን ገበሬ ሳይቀር "ዛሬ እኮ አንድ ሳተላይት ወጣ" ይለዋል። ሰውየውም "እግዜር ይጠብቀው" ብሎ ይሄዳል።

ከዚያ አንድ ሆቴል ዲሽ ተከለ። አስተናጋጁ አዳም የውባንተ የልብ ጓደኛ ነበር። በ1991 ዓ.ም. ኅዳር ወር አገሮች ተባብረው ጠፈር ላይ ሊሠሩት ያሰቡት የትልቁ ጣቢያ የመጀመሪያ ክፍል በሩሲያ ሮኬት እንደሚወነጨፍ ራዲዮው ተናገረ። ውባንተ ዜኒት ካሜራውንና መቆሚያውን ተሸክሞ ማለዳ ሆቴሉ ደረሰ። አዳም ጄኔሬተሩን አስነሣ። መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ጋረዱ፤ ውባንተ የአልጣሽን ጥቁር ጃንጥላ ከካሜራው ኋላ ዘረጋ፤ ብርሃን ቴሌቪዥኑ ላይ እንዳያንጸባርቅ ነው። ቴሌቪዥን ፎቶ ሲነሣ ካሜራው ከፈጠነ ሥዕሉ ላይ ጥቁር መስመር ይጋደማል። ስለዚህ አዘግይቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ሮኬቱ ከመሬት ሲላቀቅ ጠቅ አደረገ። ሆቴሉ ውስጥ ያን ጊዜ ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም። አዳም አጨበጨበ። ውባንተ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ፎቶውን ሲያትመው በአንድ ጥግ የቴሌቪዥን ጣቢያው አርማ ታየ። ያስጠላል ብሎ ቆረጠው። የቴሌቪዥኑ ጭረት እንዳይታይም ሲያጎላው ጥቂት አደበዘዘው። "በዚያ ቀን ለውበት ብዬ ነው" አለኝ። "የዚያን ቀኑን እምላለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልምልም።"

ፎቶው በተሰቀለ በሳምንቱ አንድ የግብርና ሠራተኛ ለመታወቂያ ሊነሣ መጣ። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ቀና ብሎ አየው።

"ይሄን ያነሣኸው አንተ ነህ?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"ወታደር ነበርክ አይደል? ሩሲያ ልከውህ ነበር ማለት ነው?"

ውባንተ ካሜራው ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር። አይ፣ ከአዳም ቴሌቪዥን ነው ለማለት አፉን ከፈተ። ሰውየው የሚያየው በአክብሮት ነበር። እንዲህ ያለ ዓይን ከተመለሰ ጀምሮ አላየም።

"ቀና በል፤ አትንቀሳቀስ" አለና ጠቅ አደረገ።

መልሱ ይኸው ነበር። ሰውየው የተረዳውን ተረድቶ ወጣ። ወሩ ሳያልቅ ውባንተ "ሩሲያ የነበረው" ተባለ። ከገበያ ሲመለስ ሰው ከመቀመጫው ይነሣለታል፤ ለቅሶ ቤት ከፍ ያለ ቦታ ይሰጠዋል። እሱ አንድም ቀን "ሄጄ ነበር" ብሎ አልተናገረም። ሲጠይቁት ፈገግ ይላል፣ ወይም ወሬ ይቀይራል። አዳም መጀመሪያ ሳቀበት፤ በዓመቱ ሥራ አግኝቶ ወልድያ ሄደ። እውነቱን የምታውቅ አልጣሽ ብቻ ቀረች። አንድ ምሽት እህል እየለቀመች ድንገት፣

"ሰው ሲጠይቅህ ዝም ትላለህ" አለችው። "እነሱ ግን ዝምታህን አዎ ነው የሚሉት። እያወቅህ ነው?"

"እኔ ምን አልኩ?"

"እሱን ነው የምለው" አለችና እህሏን መልቀም ቀጠለች።

ይህ ሁሉ ሰውን የጎዳ ነገር አልነበረም። የጎዳው በ1998 ዓ.ም. ነው።

በዚያ ዓመት የከተማው ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ አቋቁሞ ነበርና "አርአያ የሚሆን ሰው" ተብሎ ውባንተ ተጋበዘ። እንቢ ለማለት ሁለት ጊዜ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዶ ሁለቱንም ጊዜ እሺ ብሎ ተመለሰ። ትልቁን ፎቶ አቅፎ ገባ። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች በአንድ ክፍል ታጭቀዋል። የፊዚክስ አስተማሪው መምህር ምሥጋናው በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ገና ሁለተኛ ዓመቱን የሚያስተምር፣ ጠመኔ የነካው ኮት የሚለብስ ልጅ እግር ሰው ነበር።

ውባንተ ስለ ሮኬት ክፍሎች፣ ስለ ነዳጁ፣ ስለ ጠፈርተኞች ተናገረ። ይህን በደንብ ያውቃል፤ ልጆቹም በጥሞና ሰሙት። ከፊት የተቀመጠች ንጋት የምትባል የሰባተኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። የመሪጌታ ልጅ ናት፤ ዓይኗ ከፎቶው አልተነቀለም።

"ጋሼ፣ ሲነሣ ድምፁ እንዴት ነበር?"

ይህኛው ዝም የሚባልበት አልነበረም። ስልሳ ልጅ አፉን እያየ ነው። ውባንተ በዕድሜው የመጀመሪያውን ግልጽ ውሸት የዋሸው እዚያ ነው።

"እሳቱ ቦግ ሲል" አለ፣ "እኩል፣ በዚያችው ቅጽበት፣ ድምፁ ደረቴን መታኝ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ጆሮዬን ያዝኩ።"

ልጆቹ "ኡ!" አሉ። መምህር ምሥጋናው ደስ ብሎት አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ።

"ጋሽ ውባንተ፣ ከሮኬቱ ምን ያህል ርቀው ነበር የቆሙት?"

"አራት ኪሎ ሜትር ይሆናል።"

"ልጆች፣ ባለፈው ሳምንት የተማርነውን አስታውሱ!" አለ መምህሩ ፊቱ በርቶ። "ድምፅ በአንድ ሰከንድ ሦስት መቶ አርባ ሜትር ነው የሚሄደው። ስለዚህ ጋሽ ውባንተ እሳቱን መጀመሪያ ያያሉ፣ ድምፁ አሥራ ሁለት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ይደርሳቸዋል። መብረቅና ነጎድጓድ ማለት ነው። ልክ ነኝ፣ ጋሽ ውባንተ?"

መምህሩ ሊያጋልጠው አልነበረም። ሊያግዘው ነበር። "አዎ፣ እንዲያውም ረስቼው" ቢለው ያልፍ ነበር። ውባንተ ግን ደሙ ወደ ራሱ ወጣ፤ ያ ሰው አሁን ሁሉንም ነገር ከሥሩ የሚጎለጉለው መሰለው። ቴሌቪዥኑ ላይ እሳቱም ድምፁም እኩል ነበር፤ ድምፁን የቀዳው መሣሪያ ከሮኬቱ ሥር እንደሚቀመጥ አላሰበም።

"መምህር" አለ ቀስ ብሎ፣ "አንቱ የሚናገሩት ከመጽሐፍ ነው። እኔ የምናገረው ከቆምኩበት ነው።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ከኋላ "ሰከንድ!" ብሎ ጮኸ፤ ሌላው ተቀበለው። መምህር ምሥጋናው ጠመኔውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ቀየረ። ወደ በሩ ተመልሶ ቆመ። ለውባንተ የምስክር ወረቀት ተሰጠው፤ የሰጠው ርእሰ መምህሩ ነው፣ ከልጆቹም በላይ ያጨበጨበው እሱ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመምህሩ ስም ሰከንድ ሆነ። ልጆች ከትምህርት ሲመለሱ በፎቶ ቤቱ ፊት "መምህር ሰከንድ! መምህር ሰከንድ!" እያሉ ሲከተሉት ውባንተ ከመስታወቱ ኋላ ሆኖ ያያል። አንድ ጊዜ መምህሩ ዞር ብሎ ወደ ፎቶ ቤቱ ተመለከተ። ውባንተ መጋረጃውን ሳበ። በዓመቱ መጨረሻ መምህር ምሥጋናው ዝውውር ጠይቆ ኩልመስክ ወደምትባል ትንሽ ከተማ መግባቱ ተሰማ። ውባንተ ሲሰማ እፎይ አለ። ይህንን ሲነግረኝ "ከዋሸሁት ይልቅ ያ እፎይታ ያሳፍረኛል" አለኝ።

ዓመታት አለፉ። ፊልም ቀርቶ ዲጂታል መጣ፤ ውባንተ ሮኬት ሲወነጨፍ በኢንተርኔት ቤት፣ በኋላም በስልኩ ያያል። ግድግዳው ላይ አዲስ ፎቶ አልጨመረም። ለምን እንደሆነ አልጣሽም አልጠየቀችው፣ እሱም አልነገራት። ንጋት ባሕር ዳር ፊዚክስ ተማረች፤ ከዚያ ቻይና ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታ ሄደች። አባቷ መሪጌታ ባገኙት ቁጥር "ልጄን ለዚህ ያበቃት ያንተ ፎቶ ነው" ይሉታል። እሱም ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ይስማል፤ ፊቱን እንዳያዩት።

በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ንጋት ለእረፍት መጣች። በመጣች በሦስተኛው ቀን ፎቶ ቤቱ ገባች። ውባንተ ደስታው ወሰን አጣ፤ ወንበር አወጣ፣ አልጣሽን ሻይ እንድታመጣ ላከ።

"ጋሽ ውባንተ፣ አየሁት" አለች።

"ምኑን?"

"ሮኬት። ባለፈው ሚያዝያ ከጓደኞቼ ጋር እዚያው ቻይና በባሕር ጠረፍ ወዳለው ማስወንጨፊያ ሄደን ነበር። ስንቅ ይዘን አሸዋው ላይ ተቀምጠን ዋልን። ልክ ጀምበር እንደጠለቀች ተነሣ።"

"ንገሪኝ እስቲ! ንገሪኝ!"

"እሳቱ ቦግ አለ። ሰማዩ ቀን መሰለ። ሰው ሁሉ ጮኸ፤ ከዚያ ዝም አለ። ጋሽ ውባንተ፣ ድምፅ የለም። ያ ሁሉ እሳት እየወጣ የሚሰማው የባሕሩ ማዕበል ብቻ ነው። እኔ መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ ሦስት ስል ድምፁ ደረሰ።"

ውባንተ የካሜራ መስታወት በጨርቅ ይጠርግ ነበር። እየደጋገመ ይጠርጋል።

"ስቆጥር ማን ትዝ አለኝ መሰለዎት?" አለችው።

እኔ ነኛ፣ ብሎ አሰበ።

"መምህር ምሥጋናው" አለች። "ሰከንድ እያልን ስንከተለው ከሁሉ በላይ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። እዚያ አሸዋ ላይ ቆሜ ሰው ሁሉ ሲጨፍር እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ጓደኞቼ ደስ ብሏት ነው አሉ።"

አልጣሽ ሻዩን ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ቆመች። ንጋት ወደ ትልቁ ፎቶ ቀና አለች።

"ይህ ከየት ነው?"

"ከቴሌቪዥን" አለ ውባንተ። "አዳም ሲሠራበት ከነበረው ሆቴል። እኔ አገር ለቅቄ አላውቅም፣ ንጋት። ደብረ ዘይት ፊልም አጣቢ ነበርኩ።"

አልተቆጣችም። እንድትቆጣው ፈልጎ ነበር። ሻዩን ተቀብላ ጠጣች፣ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ለአልጣሽ መለሰች፣ "ደህና ዋሉ" ብላ ወጣች። በሩ ላይ ዞር ብላ፣ "መምህር ምሥጋናው አሁንም ኩልመስክ ነው፤ አጣርቻለሁ" አለች።

ውባንተ ኩልመስክ ለመሄድ ሦስት ጊዜ መናኸሪያ ወረደ። በመጀመሪያው ቀን መኪና የለም ብሎ ተመለሰ፤ መኪና ግን ነበር። በሁለተኛው ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጦ ሊነሣ ሲል ወረደ። በሦስተኛው አልጣሽ አብራው ወርዳ መኪናው እስኪነሣ መስኮቱን ይዛ ቆመች። የኮረኮንቹ መንገድ ሲያነጥረው፣ ምን እንደሚል ያዘጋጀውን ቃል ሁሉ አንድ በአንድ እየረሳው ሄደ።

መምህር ምሥጋናው ከግንባሩ ላይ ፀጉሩ ሳስቷል፤ መነጽር አድርጓል። በትምህርት ቤቱ ግቢ ዛፍ ሥር የተማሪ ደብተር ሲያርም ነው ያገኘው። ወዲያው አወቀው፤ ተነሥቶ ጨበጠው።

"ጋሽ ውባንተ። ምን እግር ጣለዎት?"

"ዋሽቼ ነበር" አለ ውባንተ፤ የቀረው ቃል ይኸው ብቻ ነበር። "ያን ቀን። ሮኬት አይቼ አላውቅም። ልክ የነበሩት እርስዎ ነዎት።"

መምህሩ መነጽሩን አወለቀ።

"ልክ መሆኔንማ አውቃለሁ" አለ። "ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን አወጣሁ። ደጋግሜ አነበብኩት። ሰውየው እኮ ቆሞ አይቷል፣ ምናልባት እኔ ያልገባኝ ነገር አለ አልኩ። ሁለት ቀን አመንኩዎት። ክፍል ገብቼ ሦስት መቶ አርባ ብዬ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ፈራሁ፤ የራሴን ትምህርት ፈራሁ። የልጆቹን ስድብ ረስቼዋለሁ። እነዚያን ሁለት ቀኖች አልረሳኋቸውም።"

ውባንተ መሬት መሬት እያየ ነበር። "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ።

"አድርጌያለሁ ብልዎት ደስ ባለኝ። ግን ዝም ብዬ ለአፍ ያህል ማለት አልፈልግም።"

ደወል ተደወለ። መምህሩ ደብተሮቹን ሰበሰበ።

"ስምንተኛ ሀ ክፍል አለኝ። ስለ ድምፅ ነው የማስተምረው፤ እንዳጋጣሚ ትምህርቱ እዚያ ደርሷል። ከፈለጉ ይግቡና ለእነሱ ይንገሯቸው። ካልፈለጉም አላስገድድዎትም።"

ውባንተ ገባ። በዚያ ክፍል የሚያውቀው አንድም ልጅ የለም። ፎቶውን እንዴት እንዳነሣው፣ እንዴት ዝም እንዳለ፣ በኋላ እንዴት እንደዋሸና እውነት የተናገረውን አስተማሪ በልጆች ፊት እንዴት እንዳዋረደ ተናገረ። አስተማሪው ማን እንደሆነ አልሸሸገም። ልጆቹ አልሳቁም። ወደ መምህራቸው ዞር ዞር አሉ፤ እሱ በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር። ከዚያ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ ቴሌቪዥን ፎቶ ሲነሣ ለምን ጥቁር መስመር እንደሚወጣ ጠየቀ። ውባንተ ግራ እየተጋባ መለሰለት። ሲጨርስ መምህሩ አመሰገነው፤ እንደ ማንኛውም እንግዳ። እስከ መናኸሪያው ግን አልሸኘውም።

ላሊበላ ሲመለስ መጀመሪያ መሪጌታ ቤት ሄደ። መሪጌታ እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው አጠር ያለ ነው። ትልቁን ፎቶ አላወረደውም፤ ከሥሩ በትልቅ ጽሕፈት "ከቴሌቪዥን የተነሣ፣ 1991 ዓ.ም." የሚል ወረቀት ለጠፈ። አንዳንዱ አንብቦ ይስቃል። አንዳንዱ "ታዲያ ምን ይሁን? ፎቶው አምሯል" ይላል። ይህ ሁለተኛው ይበልጥ ያሳፍረዋል፤ ለዚህች ነው እንዴ ያን ሁሉ ዘመን የፈራሁት፣ ይላል። ንጋት ቻይና ከተመለሰች በኋላ አንድ ጊዜ ስልክ ደውላለች። ኩልመስክ መሄዱን ሰምታለች። ስለ ሌላ ነገር አወሩ።

በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ላይ መምህር ምሥጋናው ተማሪዎቹን ይዞ አብያተ ክርስቲያናቱን ሊያስጎበኝ መጣ። ልጆቹ በሁለት ረድፍ በፎቶ ቤቱ ፊት አለፉ። ውባንተ አንዲት ሴትዮ ለፓስፖርት ፎቶ አስቀምጦ ነበር። በሩ ላይ ወጣ። መምህሩ ከመንገዱ ማዶ አየው፤ አልተሻገረም፣ ግን ቆም ብሎ እጁን ከፍ አደረገ። ውባንተም እጁን ከፍ አደረገ። ልጆቹ አልፈው እስኪጨርሱ እንዲሁ ቆመ።

ሲመለስ ሴትዮዋ "ማን ነው? ዘመድህ ነው?" አለችው።

"የበደልኩት ሰው ነው" አላትና ካሜራውን አስተካከለ።